የመዘግየት ታሪክ፦ የጡት ካንሰርና የቤተ ልሔም ጋይንት ሴቶች



ስለ ጡት ካንሰር በአገራችን ሲጻፍ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ሐረግ አለ፤ «ዘግይታ መጣች» የሚለው። በበሽተኛ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ በጥናት መደምደሚያ ላይ ይደገማል፣ በጋዜጣም ይወጣል። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሁልጊዜ ሴቲቱ ናት። የዘገየችው እርሷ፣ የደበቀችው እርሷ፣ ጸበል ያስቀደመችው እርሷ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ በሽታው ከሐኪሞች አልቀድምም። ነገር ግን አንድ ግስ ለአንድ ባለቤት ብቻ ሲሰጥ ባየሁ ጊዜ መጠራጠር የሙያዬ ግዴታ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው ይህ መዘግየት ራሱ ታሪክ ያለው መሆኑን፣ በመንገድ፣ በተቋም፣ በማሽንና በመዝገብ አያያዝ ተሠርቶ በሴቲቱ ትከሻ ላይ የተጫነ መሆኑን ነው። ለማሳያ የመረጥሁት ስፍራ ቤተ ልሔም ጋይንት ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ስለ ቤተ ልሔም ክብር ለዚህ ጉባኤ ብዙ መናገር አያሻም። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ለማስመስከር የሚመጣው ወደዚያ ነው። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 ወደ ስፍራው ደርሶ፣ ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብና ሣር ክዳን የሚመስለው ቤተ ክርስቲያን በውስጡ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንጻ መያዙን ተመለከተ፤ ስለዚሁም ለዓለም ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ «ተገኘ» ይባላል። ካህናቱ ግን ሲቀድሱበት የኖሩት ከእርሱ በፊት ነው። ይህን የማነሳው ፓከንሃምን ለመውቀስ አይደለም። በአንድ ስፍራ ዘወትር የሚታወቅ ነገር ለመዝጋቢው ዓለም የሌለ ሆኖ መኖር እንደሚችል ለማስታወስ ያህል ነው፤ በሴቶች ሕመም ረገድም የገጠመን ይኸው ነው።

የዚህን ጉባኤ ቤት መምህራን ተራ በተራ ቆጥሮ የሚናገር ሊቅ በየዘመኑ አይጠፋም። ማን ከማን ተቀበለ፣ ማን ለማን አስተላለፈ የሚለው ሐረግ ተጠብቋል። ተማሪውን ያበላው ግን ማን ነው? አኮፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ እንጀራ ያወጣችለት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባለ ጎጆ ሴት ናት። ድጓው በእርሷ ምጣድ ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ስሟ በመምህራኑ ሐረግ ውስጥ የለም። ስሟ ያልተጻፈ ሴት ሕመሟ ከወዴት ይጻፋል?

አንድ ቦታ ግን አለ። ደብተራዎች በጠባብ ብራና ላይ የሚጽፉት ጥቅል ክታብ ከአገራችን ቅርሶች ሁሉ ለሴቶች ሕመም የቀረበው ነው። በአገር ውስጥም ሆነ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ጥቅሎች ያጠኑ ሊቃውንት ከባለቤቶቻቸው መካከል ሴቶች በርካታ መሆናቸውን አስተውለዋል። ጸሎቱ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ሾተላይ፣ ስለ ፍልፀትና ስለ ቁርፀት ይናገራል፤ በመካከሉም «ለአመትከ» ካለ በኋላ የሴቲቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ ወለተ እገሌ እየተባለ። ክታቡ በውርስም በሽያጭም ወደ ሌላ እጅ ሲዛወር የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይተካል። አንዳንዱ ብራና ላይ ፍቀቱ እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። እኔ ከማውቃቸው የታሪክ ምንጮች ሁሉ እንደዚህ ፍቀት ያለ ልብ የሚነካ አላየሁም፤ ሕመሙ እንዳለ ይቆያል፣ ታማሚዋ ትለወጣለች።

ከእነዚህ ክታቦች ተነሥተን «ይህች ሴት የጡት ካንሰር ነበረባት» ማለት አንችልም። ክታቡ የሚጠራው ሕመሙን ያመጣውን መንፈስና የሚሰማውን ውጋት ነው፤ የሕዋስን ጠባይ አይመረምርም። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 ያሳተማቸው የመድኃኒት መጻሕፍትም እንዲሁ በሕመም ስሜትና በዕፅዋት ስም የተደራጁ ናቸው። የእኛ ስያሜ ከእነርሱ ስያሜ ጋር አይገጥምም። «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ራሱን ውሰዱ። ዛሬ ካንሰር ለማለት እንጠቀምበታለን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ከካንሰር ፈጽሞ የተለየውን፣ በትንፋሽ የሚተላለፈውን በሽታ ማለታችን ነው። እንግዲህ አንዲት የገጠር ሴት «ጡትሽ ላይ ነቀርሳ አለ» ስትባል ምን ትስማ? በሳንባ ነቀርሳ የሞተውን ጎረቤቷን አስባ ልጆቿን ከአጠገቧ ብታርቅ ያልተማረች ስለሆነች አይደለም። ቃሉን ሁለት ፊት አድርገን የሰጠናት እኛ ነን።

ጡት በቋንቋችን ከአካል ክፍልነት ያለፈ ቦታ አለው። በሰሜን ኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ሰው የሌላው «የጡት ልጅ» በመሆን የዝምድና፣ አልፎም የፖለቲካ ውል ይገባ ነበር፤ በደም ያልተገኘውን ዝምድና ጡት ይተካው ነበር። ያሳደገውን የከዳ «ጡት ነካሽ» ይባላል። የቀዶ ሐኪሙ «እንቆርጠዋለን» ሲላት ሴቲቱ የምትሰማው ከዚህ ሁሉ ጋር ተደምሮ ነው። አልቆረጥም ያለች ሴት እምቢታ ከዚህ የውል ታሪክ ጋር ሳይገናኝ «ግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ጥናቱ አንድ ነገር ያመለጠው ይመስለኛል።

መደበቅና ማፈር የእኛ ብቻ ጠባይ አለመሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። በጽሑፍ ከደረሱን ጥንታዊ የጡት እብጠት ታሪኮች አንዱ ሄሮዶቱስ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው ነው። የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት አቶሳ በጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ ትንሽ ሳለ አፍራ ለማንም አልተናገረችም፤ ፈንድቶ ሲሰፋ ግን ዴሞኬዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠራች። የዓለም ኃያል የነበረው ንጉሥ ሚስት፣ ሐኪም በቤተ መንግሥቷ እያለላት፣ ዘግይታ ነገረች። ሕመሟ ካንሰር ይሁን አይሁን አከራካሪ ነው፤ ማፈሯ ግን አያከራክርም።

አሁን ወደ አንድ የተወሰነ ዓመት ልውሰዳችሁ፤ ወደ 1811። በመስከረም ወር መጨረሻ ፋኒ በርኒ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በፓሪስ ጡቷን ተቆረጠች። ቀዶ ሕክምናውን የመራው የናፖሊዮን ጦር ሐኪም ባሮን ላሬ ነበር። ማደንዘዣ አልነበረም፤ የተሰጣት ከወይን የተቀመመ መጠጥ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ እንደሚመጡ የተነገራት ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር። ከወራት በኋላ ለእህቷ በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ የብረቱን ስሜት ሁሉ ዘርዝራለች፤ ስትጽፈውም መልሳ ልታነበው እንዳልቻለች ትናገራለች። በርኒ እስከ 1840 ኖራለች።

በዚያው በ1811 ደብረ ታቦር ላይ የነበሩት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ፓሪስንና ደብረ ታቦርን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ምን ልዩነት እናገኛለን? ቢላዋውን የያዘው ሰው ሥልጠና በእርግጥ ይለያያል። ነገር ግን ማደንዘዣ በፓሪስም የለም። ቁስል የሚያመረቅዘው ተሕዋስ በፓሪስም አይታወቅም። እብጠቱ ምን እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ሕዋሱን አይቶ የሚናገር በፓሪስም የለም። ጡቷ ያበጠባት የጋይንት ሴትና የፓሪሷ ሴት በዚያ ዓመት ከሞት ያላቸው ርቀት ብዙም የሚለያይ አልነበረም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ከጥንት የወረስነው አይደለም። ዕድሜው አጭር ነው፤ መቼ መቆፈር እንደ ጀመረም መናገር እንችላለን።

በ1846 በኤተር ማደንዘዝ በአደባባይ ታየ። በ1867 ሊስተር ቁስልን ከምርቀዛ መጠበቂያ መንገዱን አሳተመ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ አሜሪካዊው ሃልስተድ ጡቱን ከደረት ጡንቻውና ከብብት ዕጢዎች ጋር አንድ ላይ የሚያነሳውን ከባድ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። በ1895 ራጅ ተገኘ። በ1896 በግላስጎ ቢትሰን የተባለ ሐኪም የአንዲት ሴት እንቁልጢ ሲወጣ የጡት ዕጢዋ እንደሚከስም ጻፈ፤ ዛሬ ለምንሰጠው የሆርሞን ሕክምና በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። 1896 ለእኛ የዓድዋ ዓመት ነው። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የመጡትም በዚያው ዓመት ነበር፤ የመጡት የጦር ቁስለኛ ለማከም ነው። ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን የገባው በቁስለኛው ወታደር በኩል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ለማን ተብሎ እንደ መጣ ለማን እንደ ዘገየም ይነግረናልና።

ወደ ቤጌምድር ስንመለስ የሚያጋጥመን ትልቁ ተቋም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። እኔ ይህን ኮሌጅ ከአገሪቱ ታላላቅ የዘመናዊነት ሥራዎች እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ። ይሁንና የተፈጠረበት ምክንያት ዓይኑን ወስኖታል። ወባ፣ ፈንጣጣ፣ ተቅማጥ፣ የወላድና የሕፃን ሞት፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ነበር፤ መሆንም ነበረበት። ካንሰር ዝም ብሎ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጠርዝ ላይ ቀረ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ልጆችን ሲያሰማራ የያዛቸው 16 ፓኬጆች በመንፈሳቸው የዚያው የጎንደር ኮሌጅ የልጅ ልጆች ናቸው። መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ወባ። ለጋይንት ሴት በር ድረስ የመጣችው የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሐኪም ቤት ተወካይ ጡት ስለ ማጥባት እንጂ ጡት ስለ መዳሰስ አልተማረችም ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን በተመለከተ የዓለም አስተሳሰብ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ተገለበጠ። ከሃልስተድ በኋላ ሐኪሞች ብዙ በቆረጡ ቁጥር ብዙ የሚያድኑ መስሏቸው ነበር። አሜሪካዊው በርናርድ ፊሸር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሴቶችን በዕጣ ከፋፍሎ ባደረጋቸው ጥናቶች ይህ እንዳልሆነ አሳየ። ዕጢው ትንሽ ከሆነ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም፣ ሙሉ ጡት ከመቁረጥ ያላነሰ ዕድሜ ይሰጣል። ውጤቱ በ1985 ሲታተም በብዙ አገር የሴቶች ምርጫ ተለወጠ።

በኢትዮጵያ ግን የዚህ ግኝት ሁለተኛ እግር አልነበረም። ጡትን ማትረፍ የሚቻለው ጨረር ሲኖር ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት ጨረር ማሽን የተተከለው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሕዝቧ 100 ሚሊዮን ላለፈ አገር ብቸኛው የጨረር ማዕከል ሆኖ ቆየ። ወረፋው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ከጋይንት የመጣች ሴት ዕጢዋ ትንሽ ሳለ ብትደርስ እንኳ ሐኪሟ ሙሉ ጡቷን ለማንሣት ይገደዳል። የሐኪሙ ክፋት ወይም ኋላ ቀርነት አይደለም፤ አንድ ከተማ ላይ የቆመ አንድ ማሽን ከሩቅ ሆኖ የቢላዋውን መጠን ይወስን ነበር። መንግሥት ከዚህ ወዲህ ጎንደርን፣ ጅማን፣ ሐዋሳን፣ ሐረማያንና መቐለን በጨረር ማዕከልነት አቅዶ መንቀሳቀሱ፣ በጎንደርና በባሕር ዳርም ኬሞቴራፒ መሰጠት መጀመሩ ለምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሴት የርቀቱን ካርታ የሚቀይር ነገር ነው።

ርቀቱን በእግርና በመኪና እንለካው። ስም አልሰጣትም፤ ለምሳሌነት የማቆማት ሴት ናት። ዕድሜዋ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ይሁን። ይህንን ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከአውሮፓውያን ይልቅ በለጋ ዕድሜ እንደሚያዙ በጥቁር አንበሳ የታከሙ ከ1,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ የመጨረሻ ልጇ ጡት የተወው በቅርብ ነው። በጡቷ ውስጥ የማታምም ጓል ስትነካ የመጀመሪያ ግምቷ ወተት ቋጠረ ነው፤ አለማመሙ ራሱ ያታልላታል። ጸበል ትጠመቃለች፤ ቅጠል የሚያውቅ ትጠይቃለች። ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ጤና ኬላ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት በአርብ ገበያ ወይም በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር። ከስማዳ የምትመጣ ከሆነ የዓባይንና የበሽሎን ሸለቆ ጠርዝ ይዛ ወደ ወገዳ መውጣት አለባት፤ ከእስቴ ከሆነ ወደ መካነ ኢየሱስ። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና በደርግ ዘመን ባይሠራ ኖሮ ይህ ጉዞ በበቅሎ ቀናት የሚፈጅ ነበር። ለጡት ካንሰር ታሪካችን ይህን መንገድ እንደ ሕክምና መሣሪያ ልቆጥረው እወዳለሁ።

ሆስፒታል ስትደርስ በመርፌ ናሙና ይወሰድላታል። ናሙናውን የሚያነበው ፓቶሎጂስት ያለው በትልልቁ ከተማ ነው፤ እናም እርሷ ተመልሳ ስትሄድ ጠርሙሱ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ውጤቱ ሲመጣ ማን ይነግራታል? በምን ስልክ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው የጡት ካንሰር ዕቅድ ምልክት አይታ ወደ ጤና ተቋም የመጣች ሴት በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። 60 ቀን በጋይንት የእርሻ አቆጣጠር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ወንዙ የሚሞላበት፣ አረሙ የሚበዛበት፣ ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ። የጤና መድን እንኳ ቢኖራት፣ መድኑ የመኪናና የማደሪያ አይከፍልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች፤ የዚህን ዞን ሕዝብ ለመድን እንግዳ አይደለም ለማለት ነው የምጠቅሰው።

ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ያልቃል። ጡቱና የብብት ዕጢዎቹ ይነሣሉ፤ ከቁስሉ ሥር ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ ይቀመጣል፤ ከቀናት በኋላ ይነቀላል። በማግሥቱ ነርሷ ክንድሽን በግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት አውጪው ትላታለች። ከዚያ ኬሞቴራፒ፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ዙር። ስምንት ዙር ከጋይንት ስምንት ጊዜ ወርዶ ስምንት ጊዜ መውጣት ነው፤ ግማሽ ዓመት ይሞላል። ጾም በዚህ መካከል ይገባል። ሐኪሙ ብዪ ሲላት እርሷ የምትጠይቀው የንስሐ አባቷን ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ሕመምተኛን ከጾም የመፍታት ሥልጣን አላቸው። በቤተ ልሔም አካባቢ አንድ ቄስ የሚናገረው ቃል ከአንድ ፖስተር በላይ ሕክምና ያስጨርሳል ብዬ አምናለሁ። የጸበልና የሐኪም ቤት ፉክክር አድርገን የምንጽፈው ነገር በተግባር ብዙ ጊዜ ፉክክር ሳይሆን ወረፋ ነው፤ የትኛው ይቅደም የሚለው ብቻ ነው።

ማገገም የሚለውን ቃል በዚህ ላይ እንመዝነው። የብብት ዕጢዎቹ ሲነሡ ከክንዱ ፈሳሽ የሚመለስበት መንገድ ይጠብባል፤ ክንዱ ሊያብጥ ይችላል። ምክሩ ይታወቃል፤ በዚያ ክንድ ከባድ አታንሺ፣ ከቁስልና ከእሳት ጠብቂው። ይህ ምክር የተጻፈው ለማን ነው? የጋይንት ሴት እንስራ ታዝላለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ምጣድ ፊት ትቀመጣለች። ክንዷ የቤቱ ቋሚ ነው። ያን ቁራሽ ለቆሎ ተማሪው ያወጣችው ክንድ ይኸው ነው። ምክሩን የምትፈጽመው ሴት ልጇ ከትምህርት ቤት ከቀረች ነው። ስለዚህ የአንዲት እናት ማገገም ዋጋው ከቤቱ ውስጥ በሌላ ሴት የትምህርት ዓመት ይከፈላል። ይህን ሒሳብ በየትኛውም የሆስፒታል ደረሰኝ ላይ አታገኙትም።

ለብዙዎቹ ደግሞ ሕክምናው ገና አላለቀም። በጥቁር አንበሳ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው ከታማሚዎቹ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ዕጢያቸው ከኤስትሮጅን ሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ለእነዚህ ታሞክሲፈን የተባለ ርካሽ ክኒን በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይሰጣል። ቢትሰን በ1896 በቢላዋ የጀመረውን ክኒኑ ያለ ቢላዋ ያደርገዋል። ክኒን በአህያም በኪስም ይሄዳል፤ ማሽን የማይደርስበት ይደርሳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎቹን በስም እየተከታተሉ ሲደውሉላቸውና ሲመክሯቸው ክኒኑን የመውሰዳቸው መጠን በግልጽ ተሻሽሏል። እንግዲህ ከቢላዋም ከማሽንም በኋላ ዕድሜ የሚያስረዝመው አንዲት ነርስ የያዘችው የስም ዝርዝር ሆነ ማለት ነው። ወደ ክታቡ ተመለስን፤ ስሟን የጻፈላት ሰው አስፈለጋት።

በመካከሉ ጦርነት አለ። በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ በሴቶች ላይ ግፍ ተፈጸመ፣ ሆስፒታሉም ተዘረፈ። ከ2023 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። በየ21 ቀኑ መድኃኒት የሚጠብቃት ሴት መንገድ ሲዘጋባት በካርዷ ላይ የሚጻፈው «ክትትል አቋረጠች» ነው። ግሱን ዳግመኛ ተመልከቱት፤ ባለቤቱ አሁንም እርሷ ናት።

የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 ተጀምሮ በአገራችን ስለ ካንሰር በቁጥር መናገር አስችሎናል፤ ከሴቶች ካንሰር ሁሉ ሲሶ ያህሉ የጡት መሆኑን የምናውቀውም በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ምዝገባው ግን በባሕርይው የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ነው። ቤቷ ቤተ ልሔም፣ ሞቷም ቤተ ልሔም የሆነ ሴት በዚያ አትቆጠርም። የለቅሶ ዕድሯ ያውቃታል፤ ሰባቷንና አርባዋን ያወጣላት ካህን ያውቃታል።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሥራ አለኝ። በየዞኑ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል የእጅ ጽሑፍ መዝገብ አለ፤ ረጅም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በየመስመሩ ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የሕመም ዓይነት የሚሞላበት። የኮምፒውተር አሠራር ሲገባ እነዚህ መዛግብት ወደ መጋዘን ይወርዳሉ፤ ከመጋዘንም ወደ እሳት። «አድራሻ» የሚለው ዓምድ ላይ ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ የተጻፈበትን መስመር እያወጣን፣ «የጡት ዕጢ» የሚለውን ከጎኑ እያየን፣ በየዐሥር ዓመቱ ምን ያህል ሴት ከየት ተነሥታ የት እንደ ደረሰች መሳል ይቻላል። የታማሚዎቹን ምስጢር ጠብቀን፣ ስማቸውን በቁጥር ተክተን፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማለቴ ነው። ከዚሁ ጋር የታከሙትንና የዳኑትን ሴቶች በአፍ ታሪክ መጠየቅ አለብን። ስንጠይቅ ግን «ለምን ዘገየሽ?» ብለን አንጀምር። «መጀመሪያ ለማን ነገርሽ? እርሱስ ምን አለሽ? ከዚያስ መኪናው ስንት ሰዓት ላይ ተነሣ?» ብለን እንጀምር።

ሰዓቴ አልቋል፤ ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።